«ምን ጎደለኝ?» ለሚሉ አባት ምን ይገዛል?

ይድረስ ለምክር አምዱ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ካገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ያስቸገረኝ ባሌ እንዳይመስልዎ፤ አባቱ ናቸው። ክፉ ሰው ሆነውም አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸመንደፈር፣ ምድር ባቡር፣ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከዚራ የሚኖሩ፣ እኔን እንደ ልጃቸው የሚያዩ ሰው ናቸው። ስጦታ ላይ ግን አልቻልኳቸውም።

መጀመሪያ ሸሚዝ ገዛሁላቸው። «ልጄ፣ ምን ጎደለኝ?» አሉኝ። ቀጥሎ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ የእጅ ሰዓት ገዛሁ። «ምን ጎደለኝ?» ለባለፈው ኢድ ሽቶ ወሰድኩ። እሱም ያው። በቀደም ቁም ሣጥናቸውን ሳስተካክል ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሸሚዙ ከነላስቲኩ፣ ከነስፒሉ። ሰዓቱ ከነካርቶኑ። ሽቶውን ደግሞ ለጎረቤት ልጅ ሠርግ ሰጥተውታል። ሠርጉ ላይ ነበርኩ እኮ፤ ሙሽራው አጠገቤ ሲያልፍ ሸተተኝ!

ባሌን ስጠይቀው «አባባ ምንም አይፈልጉም፣ ተያቸው» ይላል። አረፋ ደርሷል፤ ባዶ እጄን አልሄድ። ጣፋጭ ይወዳሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ግን ለትልቅ ሰው ጣፋጭ ይዞ መሄድ የልጅ ነገር አይሆንም?

ግራ የገባት ምራት

መልስ

የኔ እህት፣ ሙሽራው ጋ ስደርስ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ደብዳቤሽን አስቀመጥኩት። ደግሜ ሳነበው ግን መልሱ እዚያው ሽቶው ላይ እንዳለ ገባኝ።

አባባ ስጦታሽን አልናቁም። ዕድሜ ልኩን ደመወዝ ይዞ እየገባ ቤት ያስተዳደረ ሰው እጁ የለመደው መስጠት ነው። መቀበል ያሳፍረዋል። ሽቶውን ለሙሽራው ሲሰጡ ደስ ብሏቸው እንደነበር እወራረዳለሁ። ስለዚህ ለእሳቸው ብለሽ መግዛቱን ተይው። ለሰው የሚያቀርቡት ነገር ግዢላቸው።

ጣፋጭ የልጅ ነገር ነው ያለሽ ማነው? በእኛ አገር ሐልዋ እኮ የሠርግና የእንግዳ ነው። ከዚራ ጥላ ሥር የሚቀመጥ የሸመንደፈር ጡረተኛ ደግሞ ቡና የሚጠጣው ብቻውን አይደለም። ትሪው ላይ ሐልዋ ካለ ጋባዡ እሳቸው ናቸው።

ድሬም ሐልዋ አይጠፋም፤ ከቻልሽ ግን ሐረር ውጪ። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ የሐረርን ዳገት መውጣት አቅቶት በሜዳው ስላለፈ አይደል በ1895 ዓ.ም. ድሬ የተቆረቆረችው? የባቡር ሰው «ከሐረር ያመጣሁት ነው» ሲሉት ደስ ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ያለውን ሱቅ ሁሉ አምነሽ አትግዢ። ከትሪው ላይ በቢላ ሲቆርጡልሽ እዪ። ትኩስ ሐልዋ ያብረቀርቃል፣ በጣት ሲጫኑት ይለመጣል፣ ሄሉ አፍንጫ ላይ ይደርሳል። የቆየው ዳር ዳሩ ይደርቅና ስኳሩ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ቅመሺ፤ ማንም ቀምሰሽ ብትገዢ አይቀየምሽም። በዘይት የሚጠበሰው ጣፋጭ፣ ሙሸበክ፣ ካማረሽ ጠዋት ገዝተሽ የዚያኑ ዕለት አቅርቢው፤ ካደረ ይለሰልሳል።

አንድ ነገር ግን ከእኔ ተማሪ። አንዴ አንድ ኪሎ ሐልዋ በወረቀት አስጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደንገጎን ወርደን የድሬ ሙቀት ሲቀበለን ቅባቱ ወረቀቱን አልፎ ነጭ ቀሚሴ ላይ ካርታ ሣለ። ያው ቀሚስ ለብሼ ነው ሰው ቤት የገባሁት። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ያዢ።

ከመግዛትሽ በፊት ግን ባልሽን «አባባ ስኳር አለባቸው ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። ካለባቸው ሐልዋውን እርሺና የባቢሌ ለውዝ ቆልተሽ፣ ከአንድ ኪሎ ጥሬ የሐረር ቡና ጋር ውሰጂ። ቡናውን አታስፈጪው። ቤታቸው ሲቆላ ጎረቤት ራሱ ይጠራላቸዋል።

ስለ ልብስ ካነሳሽ አይቀር፣ ቁም ሣጥኑን ያየሽው በተሳሳተ ዓይን ነው። አዲሱን ቆጠርሽ፤ ያለቀውን ማየት ነበረብሽ። ቤት ውስጥ የሚያገለድሙት ሽርጥ እንዴት ነው? ጠርዙ ከተተረተረ በዚያው ቀለም ሌላ ግዢ። ሌላ ቀለም አትምረጪ፣ አደራ። ኮሌታው እስኪሳሳ የሚለብሱት አሮጌ ሸሚዝም አይጠፋም። ለሁለት ቀን ተዋሺውና ሐረር ስትወጪ መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ይዘሽው ሂጂ። ልብስ ሰፊዎቹ በየደጁ ከነመኪናቸው ተደርድረው ነው የምታገኛቸው። ጨርቁንም እዚያው ትገዣለሽ። «ልክ እንደዚህ» በያቸው፤ ኪሱ ሳይቀር። መነጽር የሚይዙበት ኪስ ሁለት ጣት ካነሰ እሱም ከነስፒሉ ቁም ሣጥን ይገባል።

ስትሰጪያቸው «ለእርስዎ ነው» እንዳትዪ። «አባባ፣ ለእንግዶችዎ ነው» ብለሽ ወደ ጓዳ ግቢና ትሪ ፈልጊ። «ምን ጎደለኝ?» ለማለት ጊዜ አትስጫቸው።

ሽቶውን ግን እርሺው። ሙሽራው እስካሁን ተቀብቶ ጨርሶታል።