ሽብልቁን አትምታው

ከዘጌ አካባቢ አንድ ወንድማችን ጽፎልኛል። ስምንት ሜትር ገደማ የሆነ የፋይበር ግላስ ጀልባ አለው፣ ባለ ካቢኔ፣ ገዳማቱን የሚጎበኙ እንግዶች የሚያመላልስበት። ክረምቱን የብስ ላይ ይክረም ብሎ ግንቦት ላይ አወጣው። ከሆዱ ሥር ብሎኬት ደረደረ፣ ግራና ቀኙን በባህር ዛፍ አጣና አስደገፈና በሽብልቅ አጠበቀው። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ግን በግራ በኩል አንዱ አጣና ላልቶ አገኘው። በቀኝ ያሉት ደግሞ እንደ ክራር ተወጥረዋል። የካቢኔው በር አልዘጋም ብሏል። በቀኝ በኩል አንዱ አጣና የነካው ቦታ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። ጥያቄው፣ «የላላውን ሽብልቅ መትቼ ላጥብቀው ወይስ አጣና ልጨምር?» የሚል ነው።

ወንድሜ፣ ሽብልቁን አትምታው። መዶሻውን አስቀምጥና መጀመሪያ ይህን አንብብ። ያለህበት ሁኔታ ጀልባህን ብቻ ሳይሆን ሰውም ሊጎዳ ስለሚችል ነው ቶሎ የምመልስልህ።

ጀልባ የብስ ላይ ሲቆም ክብደቱ መውረድ ያለበት በአከርካሪው ነው። አከርካሪ የምለው ከሆዱ መሐል ለመሐል ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደውን ጠንካራውን አጥንት ነው። የጎን ድጋፎች ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፦ ጀልባው ወደ ጎን እንዳይጋደም መያዝ። መሸከም ሥራቸው አይደለም። ውሃ ላይ ሳለ ሆዱን ውሃው በሙሉ እኩል ይገፋዋል፣ የተሠራውም ለዚያ ነው። የብስ ላይ ግን መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ብዙ መቶ ኪሎ ስትጭንበት ቅርፊቱ ይጎደጉዳል። አከርካሪው በደንብ ከተቀመጠ የጎኑን ድጋፍ በጥቂት ቀላል ምት ታስጠጋዋለህ፣ አለቀ። በከባድ መዶሻ መምታት ካስፈለገህ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ያንተ ጀልባ ላይ የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። መሬቱ ዋልካ ነው፣ ራስህም ጽፈኸዋል። ዋልካ በበጋ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ዝናብ ሲገባው ያብጥና ይለሰልሳል። ግንቦት ላይ ሲደረደሩ ብሎኬቶቹ ጠንካራ መሬት ላይ የተቀመጡ መስለውሃል፣ ዝናቡ ሲመጣ ሰጠሙ። ወይም አንዱ ተሰብሯል፤ የብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው፣ ጭነት ተከፋፍሎ ለሚያርፍበት ግድግዳ እንጂ ለጀልባ አከርካሪ የተሠራ አይደለም። ሲሰበር ደግሞ አያስጠነቅቅም። እንጨት ግን ይጮሃል፣ ይጨፈለቃል፣ ጊዜ ይሰጥሃል። አከርካሪው ከታች ሲከዳው ጀልባው ወደ ቀኝ ዘመመ፣ ክብደቱ የቀኝ አጣናዎች ላይ አረፈ፣ የግራው ላላ። ቅርፊቱ ትንሽ ሲጠመዘዝ የካቢኔው ማዕዘን አብሮ ተጠመዘዘ። በሩ አልዘጋ ያለው ለዚህ ነው።

አሁን የግራውን ሽብልቅ ብትመታ ምን ይሆናል? አከርካሪው ተንጠልጥሎ ባለበት ሆዱን ከሁለት ወገን ትጨምቀዋለህ። የቀኙ ጉድጓድ ይብሳል፣ የግራውም ይጀምራል። አጣና መጨመርም ብቻውን ያው ነው፣ ሸክሙ ከቦታው ውጭ ይቀራል።

ዛሬ የምታደርገው ይህ ነው። ሰው ከጀልባው አርቅ። ዝናብ ሲመጣ ዘበኛው ከሆዱ ሥር ይጠለላል፣ ልጆችም እዚያው ይጫወታሉ፣ ያለ ነገር ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ይቅር። ማንም አይውጣበት፣ አንተም «ዕቃ ላወርድ ብቻ» ብለህ አትውጣ። ከዚያ ከኋላው ቆመህ የውሃ ማፍሰሻውን ታፖ ፍታ። ዝናብ ያጠራቀመው ውሃ ቀላል እንዳይመስልህ። ወለሉ ላይ ስድስት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቦታ አሥር ሴንቲ ውሃ ቢይዝ 900 ኪሎ ነው። ያውም ባለበት አይቆምም፣ ጀልባው ወደ ዘመመበት ወገን ሄዶ ይጨምርበታል። ታፖው ተፈትቶም የማይፈስ ከሆነ ቀዳዳውን ቅጠል ደፍኖታል፣ በሽቦ ከውጭ ክፈተው። ታፖው እስከ መስከረም ተፈትቶ ይቆይ፣ ቀዳዳውንም ከየዝናቡ በኋላ እይ።

ማንሳቱን ብቻህን አትጀምረው። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ጥራ፣ በግራና በቀኝ የሚያይ አንድ አንድ ሰው አቁም። መጀመሪያ አሁን ካሉት ድጋፎች አጠገብ በሁለቱም ወገን አዳዲስ ድጋፍ አቁም፣ ቅርፊቱን ይንኩ እንጂ አይግፉት። አሮጌዎቹን ገና አትንካ። ከዚያ ክሪኩን ሰፊና ወፍራም ጣውላ ላይ አስቀምጠህ በአከርካሪው ሥር ታስገባለህ፣ በክሪኩ ራስና በአከርካሪው መሐል እንጨት ይግባ። የክሪኩ መግቢያ ጠበበ ብለህ አፈር አትቆፍር። ብሎኬቶቹ የተቀመጡበትን መሬት ነው የምትንደው። አጭር ክሪክ ፈልግ። አንድ ሴንቲ አንሳ፣ በቃ፣ አንድ ሴንቲ። እንጨት ሙላበት። የጎን ድጋፎቹን በሁለቱም ወገን እኩል አስጠጋ። ከዚያ ሌላ አንድ ሴንቲ። ጀልባው ከፍ ሲል የጎን ድጋፎቹ ስለሚላሉ እነሱን ሳታስከትል ደጋግመህ ካነሳህ የሚይዘው የለም፣ ይጋደማል። እጅህ በአከርካሪውና በእንጨቱ መሐል አይግባ፣ እንጨቱን በሌላ እንጨት ገፍተህ አስገባው። በክሪክ ብቻ የተያዘ ጀልባ ሥር ደግሞ ጭንቅላትህን አታስገባ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

ለአከርካሪው መቀመጫ ደረቅ፣ በመጋዝ የተሰነጠቀ ወፍራም እንጨት ተጠቀም። አንዱን ንብርብር በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም እያጠላለፍክ ደርድረው። ከሥሩ ቢያንስ ስድሳ በስድሳ ሴንቲ የሆነ ወፍራም ጣውላ ይንጠፍ፣ በዋልካ ላይ ከዚህም ቢሰፋ ደስ ይለኛል። ላንተ ጀልባ ሦስት ቦታ ዝቅተኛው ነው፣ እኔ አራት አደርገዋለሁ። ከአፍንጫው ሥር አንድ የግድ ነው፣ ሞተሩ ካልወረደ ደግሞ ከኋላም አንድ ወደ መጨረሻው ጠጋ ብሎ ይቁም፣ የሞተር ክብደት ኋላውን ይጎትተዋል። አፍንጫው ከኋላው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፣ ውሃው ወደ ማፍሰሻው እንዲወርድ።

አሁን ወደ ጎኑ። ድጋፍ የትም አይቆምም። ከቅርፊቱ ውስጥ የጎድን አጥንት ወይም ግድግዳ ባለበት ትይዩ ነው የሚቆመው። ቦታውን ለማግኘት የካቻቪቴ እጀታ ያዝና ቅርፊቱን ከውጭ እያንኳኳህ ሂድ። ባዶው ቦታ ጎላ ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ አጥንት ያለበት ላይ ስትደርስ ድምፁ ይታፈናል። እዚያ በጠመኔ ምልክት አድርግ። የብረት ላሜራ ጀልባም ቢሆን ያው ነው፣ በሁለት አጥንት መሐል ከደገፍከው ላሜራው ይሰረጉዳል።

ድጋፉ ቀጥ ብሎ አይቁም። የጀልባው ጎን ዘመም ያለ ስለሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ሲያርፍ እግሩን ወደ ውጭ እየገፋ ያሸሸዋል። የድጋፉ ራስ ቅርፊቱን ፊት ለፊት ይግጠመው፣ እግሩ ወደ ውጭ ይራቅ። በራሱና በቅርፊቱ መሐል ሰፋ ያለ ጣውላ በአሮጌ ምንጣፍ ጠቅልለህ አስገባ። የጎማ ቁራጭም ይሠራል፣ ግን ቀለሙ ላይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ከዚያ አብዛኛው ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ ሰንሰለት። የግራውን ድጋፍ እግር ከትይዩው የቀኝ ድጋፍ እግር ጋር በአከርካሪው ሥር በሰንሰለት እሰረው፣ ጠበቅ አድርገህ። አንዱ ወደ ውጭ ልንሸራተት ሲል ሌላው ይይዘዋል። ለስምንት ሜትር ሦስት ጥንድ አቁም፣ ሦስቱም ይታሰሩ።

እውነቱን ልንገርህ፣ አጣናን ለአንድ ክረምት ሙሉ አላምነውም። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ እና ያጠበቅከው ይላላል። መሬት የነካውን ጫፍ ምስጥ ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጭ ደህና እንጨት ይመስላል። አንድ በያጅ ከውሃ ቱቦ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ይሠራልሃል፣ ራሱ ላይ በወፍራም ቪቴ ከፍና ዝቅ የሚል። ሦስት እግር ያልኩት ወጣ ገባ መሬት ላይ ስለማይንገዳገድ ነው። ቪቴውን ስታወጣ ቢያንስ ግማሹ ከቱቦው ውስጥ ይቅር። እግሮቹ ሥር ጣውላ ይግባ፣ አለዚያ ቱቦው ዋልካውን ወግቶ ይሰምጣል። ስድስት መቆሚያ ወጪ አለው፣ ግን ለብዙ ዓመት ነው የምትሠራው።

ሸራውን በምን እንዳሰርከው አልጻፍክም። ከድጋፎቹ ጋር አስረኸው ከሆነ ዛሬውኑ ፍታ። የጣና ነፋስ ሸራ ውስጥ ሲገባ ገመዱን ይነቀንቀዋል፣ ገመዱ ድጋፉን ይነቅለዋል። ሸራ በሆዱ ሥር ዞሮ ከራሱ ከጀልባው ጋር ይታሰር። መሰላልም ድጋፍ ላይ አይደገፍም።

ከብትም አለ። ሐይቅ ዳር የሚግጥ በሬ አንገቱን የሚያክበት ነገር ሲያገኝ አይምርም፣ ያንተ ድጋፍ ደግሞ ለዚያ የተተከለ ይመስለዋል። ዙሪያውን በእሾህ እጠረው። ሽብልቆቹን በሚስማር ምታቸው፣ ለማገዶ የሚያነሳቸው አይጠፋም።

ሌላ የሚያሳስበኝ የቆመበት ቦታ ነው። ግንቦትና ሰኔ ጣና ዝቅ የሚልበት ጊዜ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ እየሞላ ሄዶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍተኛው ይደርሳል፣ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ዳርቻው ሜዳ በሆነበት ቦታ አንድ ሜትር ከፍታ ብዙ ርቀት ወደ ውስጥ ይገባል። ውሃው ጀልባው ሥር ከደረሰ በከፊል ያነሳዋል፣ ማዕበሉ ያወዛውዘዋል፣ መልሶ ሲያሳርፈው አከርካሪው ቦታውን ይስትና ድጋፉ ሆዱን ይበሳዋል። በአካባቢህ ያሉ ታንኳ ቀዛፊዎችን ጠይቅ፣ ውሃው በየዓመቱ የት እንደሚደርስ ያውቁታል። ጀልባህ ከዚያ መስመር በታች ከሆነ የነገርኩህን ሁሉ አሁን ባለበት አትድከምበት። መሬቱ ጨቅይቶ ትራክተር የማይገባበት ከመሆኑ በፊት ወደ ላይ አስወጣው። ለከርሞው ደግሞ የላዩን ዋልካ አስነስተህ ገረጋንቲ ሙላና በደንብ አስጠቅጥቀው፣ ዙሪያውን የዝናብ ውሃ የሚወስድ ቦይ ራቅ አድርገህ ቆፍር።

የጎደጎደውን ቦታ በተመለከተ፣ ሸክሙ ሲነሳለት ፋይበር ግላስ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል፣ አንዳንዴ በሰዓታት፣ አንዳንዴ በቀናት። በሙቀት ወይም በመዶሻ ከውስጥ አታስገድደው። ሲመለስ ከላዩ ያለውን ቀለም በቅርብ እይ። ከአንድ ነጥብ ተነስተው እንደ ኮከብ የተበተኑ ቀጫጭን ስንጥቆች ካሉ፣ ወይም በእጀታው ስታንኳኳው ዙሪያው ካለው የተለየ የሞተ ድምፅ ከሰጠ፣ ከውስጥ ንብርብሩ ተላቆ ሊሆን ይችላል፣ ሳይጠገን ውሃ ላይ አይወርድም። ድምፁ የተለወጠበትን ቦታ ዙሪያውን በጠመኔ ከበው፣ ሜትር አጠገቡ አድርገህ ከውጭም ከውስጥም ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ ምን ያህል ሬዚንና የፋይበር ጨርቅ እንደሚያስፈልግህ አሰላልሃለሁ።