መልስ፦ የሾአይብ አክታር አጣጣል ሕጋዊ ነበር?

«የፓኪስታኑ የክሪኬት ኳስ ጣይ ሾአይብ አክታር ኳስ ሲጥል ክርኑን እያጠፈ አልነበረም ወይ? ደግሞስ ለምን 46 ቴስት (እስከ አምስት ቀን የሚዘልቅ የአገሮች ግጥሚያ) ብቻ ተጫወተ?» ላልከው፦

ሕጉ የታጠፈ ክርንን አይከለክልም። የሚከለክለው ክንድ ትከሻ ጋ ከደረሰ በኋላ ኳሷ እስክትለቀቅ ድረስ የታጠፈውን መዘርጋት ነው፤ ድንጋይ ስንወረውር እንደምናደርገው። ዛሬ እስከ 15 ዲግሪ ይፈቀዳል። የሾአይብ ክርን ግን በተፈጥሮው ከቀጥታ መስመር አልፎ ወደ ኋላ ይለጠጣል። በዝግታ ሲታይ «ወረወረ» የሚያሰኘው እሱ ነው። በ1999 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በዚሁ ታግዶ ነበር፤ በኋላ ተመርምሮ ጸዳ።

ሁሉም የሚያወራው በ2003 የዓለም ዋንጫ ኬፕታውን ላይ በሰዓት 161.3 ኪሎ ሜትር የበረረችውን ኳስ ነው። የእንግሊዙ መቺ ኒክ ናይት ግን ያለ ችግር መለሳት! ፍጥነት ብቻውን ዊኬት አይጥልም፤ ማለትም መቺውን ከጨዋታ አያስወጣም። ችሎታውን ማየት ከፈለግህ የ1999ኙን የኮልካታ ቴስት ፈልግ፦ መቺው እግር ሥር የምታርፍ፣ መጨረሻ ላይ የምትታጠፍ ኳስ (ዮርከር ይሏታል) የሕንዱን መቺ ድራቪድን አስወጣች፤ ቀጣዩዋ ኳስ ደግሞ ሌላውን የሕንድ መቺ ቴንዱልካርን፣ ገና በመጀመሪያ ኳሱ።

46 ብቻ የሆነው አንድም በጉልበቱ ነው፤ ከሜዳው ድንበር አቅራቢያ ተነስቶ የሚንደረደር ሰው ሲያርፍ ጭነቱ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ነው። ሌላው ጠባዩ። በ2006 ናንድሮሎን የተባለ የተከለከለ ጡንቻ አዳባሪ መድኃኒት ተገኝቶበት የሁለት ዓመት እገዳ ተጣለበት፣ በይግባኝ ተነሳ። በ2007 የቡድን ጓደኛውን መሐመድ አሲፍን በባት (በኳስ መምቻው እንጨት) መትቶ ከደቡብ አፍሪካ ወደ አገሩ ተባረረ። ያም ሆኖ 178 የቴስት ዊኬት፣ ለእያንዳንዱ በአማካይ 25.69 ሩጫ (ነጥብ) ለተጋጣሚ እየሰጠ።