«ምንም አይፈጠርበትም» ስለተባለው ፊልም

ጥያቄ፦ እኔና ታናሽ ወንድሜ የጃፓናዊውን የካርቱን ፊልም ሠሪ የሃያዎ ሚያዛኪን ፊልሞች አብረን ነው የምናየው። የትኛው ይበልጣል በሚለው ግን መስማማት አልቻልንም። እኔ «ስፒሪትድ አዌይ» ነው እላለሁ፤ በርሊንም ኦስካርም ላይ ያሸነፈ ፊልም ነው። እሱ ደግሞ «ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ»ን የሚያህል የለም ብሎ ድርቅ ይላል። የምንስማማው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማይ ኔበር ቶቶሮ» የሕጻናት ፊልም ነው፣ ምንም አይፈጠርበትም። እስቲ እርስዎ ይፍረዱን።
ታላቅ እህት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ፍርዱን ልስጥ፤ ከዚያ የተስማማችሁበትን ነገር አፈርስባችኋለሁ።

በሁለታችሁ መካከል ከሆነ ላንቺ እፈርዳለሁ። በሽልማቱ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የበርሊን ፊልም ፌስቲቫልን ዋና ሽልማት ወርቃማ ድብን፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ኦስካርን መውሰዱ እውነት ነው። ሽልማት ይቆጠር ካልን ግን የሚያዛኪው «ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄረን»ም በ2024 ኦስካር አግኝቷል፤ እሱን አንደኛ የሚል ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ወንድምሽ ለምን ድርቅ እንደሚል ይገባኛል። «ሞኖኖኬ» ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። እመቤት ኤቦሺን ተመልከቻት። ጫካውን የምታስመነጥረው፣ ብረት የምታስቀልጠው፣ የጫካውን መንፈስ በጠመንጃ የምትመታው እሷ ናት። ሴቶችን ከሴተኛ አዳሪ ቤት ገንዘብ ከፍላ አውጥታ ሥራ የሰጠችውም እሷው ናት። ማንም የማይጠጋቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን አስጠግታ የምታስታምመውም እሷው። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ወጣቱ አሺታካ፣ ሊጠላት ይመጣና ያቅተዋል። ተኩላዎች ያሳደጓት ልጅ ሳንም እስከ መጨረሻው ሰዎችን ይቅር አልልም ብላ ወደ ጫካዋ ትመለሳለች። እንዲህ ያለ ማብቂያ ለመስጠት ድፍረት ይጠይቃል።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ «ሞኖኖኬ» ብዙ ያወራል። ተኩላዋ አቋሟን ትናገራለች፣ ከርከሮው ይናገራል፣ ኤቦሺ ትናገራለች። ሚያዛኪ ሀሳቡ ትልቅ ስለሆነበት እንዳያመልጠን የፈራ ይመስላል።

«ስፒሪትድ አዌይ» ላይ ይህ ፍርሃት ለቆታል። የባቡሩን ትዕይንት አስቢው። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ቺሂሮ ፊት አልባው ፍጡር አጠገቧ ተቀምጦ በውሃ ላይ በሚሄድ ባቡር ትጓዛለች። ተሳፋሪዎቹ ጥላ ይመስላሉ። በየፌርማታው ይወርዳሉ፤ ማን እንደሆኑ፣ ወዴት እንደሚሄዱ አይነገረንም። የሙዚቃ ደራሲው የጆ ሂሳይሺ ፒያኖ ብቻ ይሰማል፤ እየመሸ ይሄዳል። ቺሂሮ ፊቷን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች። ፊልሙ ሲጀምር የመኪና ወንበር ላይ ተጋድማ ስትነጫነጭ ያየናት ልጅ ናት። አንድ ቃል ሳትናገር ማደጓን አየን። ለዚህ ነው ላንቺ የፈረድኩት።

መለኪያዬም ይኸው ነው። ሚያዛኪ ስንት ነገር ቢቀንስ ፊልሙ ሳይወድቅ ይቆማል? «ሞኖኖኬ» ያለ ጦርነቱ አይቆምም። «ስፒሪትድ አዌይ»ም ጠንቋይ፣ ድግምት፣ የተሰረቀ ስም ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ቶቶሮ» ግን ከነዚህ አንዱም የለውም። ጠላት የለም። ተልዕኮ የለም። 86 ደቂቃ ነው፤ አንዲት ደቂቃ አይላላም።

ምንም አይፈጠርበትም አላችሁ። እናት ታማ ሆስፒታል ተኝታለች። ከዚህ በላይ ምን ይፈጠር?

እኔም ልጅ ሆኜ እናቴ ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ትልልቆቹ «ትንሽ ነው፣ ይሻላታል» ይሉንና ወሬ ይቀይራሉ። ልጅ ግን የሚሰማው ቃሉን አይደለም፤ ድምፁን ነው። ይህን በትክክል ያሳየኝ ፊልም «ቶቶሮ» ብቻ ነው። ሚያዛኪም ከሩቅ አላመጣውም፤ የራሱ እናት በአከርካሪ አጥንት ቲቢ ለዓመታት ታማ ነበር።

እስቲ ወንድምሽን አስቀምጪውና ከሆስፒታሉ ቴሌግራም የሚመጣበትን ክፍል አብራችሁ እዩ። እናትየው ቅዳሜና እሁድን ቤት ልታሳልፍ ነበር፤ ጉንፋን ያዛት ተብሎ ይቀራል። ታላቋ ሳትሱኪ እስከዚያ ድረስ እንደ ትልቅ ሰው ስትሆን ነው የከረመችው። ምሳ ትቋጥራለች፣ እህቷን ታዝላለች። እዚህ ጋ ግን ሆድ ይብሳታል። ጎረቤታቸው አሮጊት ፊት «እናታችን ብትሞትስ?» ብላ ድምፅ አውጥታ ታለቅሳለች። አሁን ሳትሱኪን ተይና ከኋላ የቆመችውን ሜይን ተመልከቻት። የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ እህቷ ስታለቅስ እያየች ነው። ምንም አትልም። በቆሎዋን ታቅፋ ብቻዋን በእግሯ ወደ ሆስፒታሉ ትነሳለች። በቆሎው እናቷን የሚያድናት መስሏታል። ያንን በቆሎ ያቀፈችበትን አያያዝ እዪው። ሕጻን አሻንጉሊት እንዲህ አጥብቆ አይዝም።

ግዙፉ የጫካ ፍጡር ቶቶሮ ራሱስ ምን ያደርጋል? እናትየውን አያድንም። አንዲት ቃል አይናገርም። ማታ በዝናብ፣ አባታቸውን የሚጠብቁበት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ከጎናቸው ይቆማል፤ በቃ። ሳትሱኪ የአባቷን ጃንጥላ ታውሰዋለች። ጠብታ ጃንጥላው ላይ ጠብ ሲል ፀጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ይፈጣል። ድምፁን ወደደው! ደግሞ ለመስማት ዘሎ መሬቱን ያናውጠዋል፤ በዛፉ ላይ ያቆረው ውሃ ሁሉ በአንዴ ዱብ ይላል። ሁለት ልጆች ጨለማ ውስጥ ፈርተው ቆመው ነበር፤ ፍርሃቱ የት እንደሄደ እንኳ አላወቁም። እናትየው መዳኗን ሳናይ ቅልል ይለናል። ይህን ማድረግ ጦርነት ከመሳል ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የኔ አንደኛ «ቶቶሮ» ነው፤ ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ከሚያዛኪ ፊልሞች የትኛውን ላሳያት?
አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ቶቶሮ» እና «ፖንዮ»። «ፖንዮ» ላይ ያለው ሶስኬ ልክ እንደሷ አምስት ዓመቱ ነው፤ ማዕበሉ ሲመጣ ግን አጠገቧ ሁን። «ኪኪስ ዴሊቨሪ ሰርቪስ» ትንሽ ከፍ ስትል የበለጠ ይገባታል፤ መብረር ስለጠፋባት የ13 ዓመት ጠንቋይ ልጅ ነው። «ስፒሪትድ አዌይ»ን አትቸኩልበት። ወላጆች በልጃቸው ዓይን ፊት አሳማ ሲሆኑ ማየት ለትንሽ ልጅ ቀላል አይደለም። «ሞኖኖኬ» ፈጽሞ አይሆንም። ገና በመጀመሪያው ክፍል የአሺታካ ቀስት እጅና አንገት ይቆርጣል።

ጥያቄ፦ «ግሬቭ ኦቭ ዘ ፋየርፍላይስ»ን ለምን ከሚያዛኪ ምርጦች ውስጥ አትቆጥሩትም?
ቅር ያለው አንባቢ

መልስ፦ የሚያዛኪ ስላልሆነ ነው። የኢሳዎ ታካሃታ ሥራ ነው፤ ከሚያዛኪ ጋር ስቱዲዮ ጂብሊን፣ እነዚህን ፊልሞች የሚሠራውን ድርጅት፣ የመሠረተው ሰው። ሰው የሚያምታታውም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1988 ጃፓን ውስጥ ሲኒማ ቤት የገባው ከ«ቶቶሮ» ጋር በጥንድ ሆኖ ነው፤ በአንድ ትኬት ሁለቱንም ያዩ ነበር። በጦርነት መካከል በረሃብ ስለሚያልቁ ወንድምና እህት ነው። ታላቅ ፊልም ነው። ብቻ ካርቱን ነው ብላችሁ ልጆች ፊት እንዳትከፍቱት፤ መጀመሪያ ራሳችሁ እዩት።