ኪቦርዱ የት ላይ ዝም አለ?

ልጆቼ፣

ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን የተጫኑበትን ኮምፒውተር ታበራላችሁ። የምርጫው ዝርዝር ይመጣል። ወደ ታች የሚያወርደውን ቀስት ትጫናላችሁ፣ ንቅንቅ የለም። ኤንተር ትጫናላችሁ፣ አሁንም ዝም። ሰከንዱ እየቆጠረ ያልቅና ያልፈለጋችሁት ሲስተም ይከፈታል። ከተከፈተ በኋላ ግን ያው ኪቦርድ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሆኖ ይሠራል። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ወይ አዲስ ኪቦርድ ሊገዙ ይሮጣሉ፣ ወይ ፎርማት ያደርጋሉ። ሁለቱንም ከማድረጋችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ጀማሪ ሳለሁ ይኸው ችግር ያለበት የሰው ኮምፒውተር እጄ ገባ። ሊኑክሱ ተበላሽቷል ብዬ ዲስኩን ደምስሼ እንደገና ጫንኩት። ምርጫው ሲመጣ ኪቦርዱ እንደዚያው ዝም አለ። ከብዙ ልፋት በኋላ ገመዱን ነቅዬ ሌላ ፖርት ላይ ስሰካው ሠራ። የባለቤቱ ፎቶዎች ግን ከዲስኩ ጋር አብረው ሄደዋል። ያን ቀን ለእሱ የነገርኩት ነገር እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ እስኪቆም ድረስ ኪቦርዱን የሚያዳምጠው አንድ አካል ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የሚያዳምጠው ባዮስ ነው፣ ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም፤ በአዲሶቹ ማሽኖች ዩኢኤፍአይ ይባላል። ቀጥሎ የሲስተም ምርጫውን የሚያሳየው ግራብ ይመጣል፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ የራሱ ጆሮ የለውም፣ የተጫናችሁትን ቁልፍ የሚነግረው ባዮሱ ነው። በመጨረሻ ዊንዶውስ ወይም ከርነል የሚባለው የሊኑክስ ልብ በራሱ ድራይቨር (ዕቃውን በሚያናግር ፕሮግራም) ይረከበዋል። ስለዚህ ዴስክቶፑ ላይ የሚሠራ ኪቦርድ ምርጫው ላይ ዝም ካለ፣ ዕቃውም ሊኑክሱም አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ናቸው። የምትፈልጉት ነገር ያለው ባዮሱ ዘንድ ነው።

ለማረጋገጥ ማሽኑን እንዳበራችሁ ኤፍ2 ወይም ዲሊት እየደጋገማችሁ ተጫኑ (ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል)። የባዮሱ ገጽ ከተከፈተ ባዮሱ ይሰማችኋል ማለት ነው። ናም ሎክንም ሞክሩ። መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ ካያችሁ ምልክቱ ደርሷል፣ ምክንያቱም መብራቱን የሚያበራው ኪቦርዱ ራሱ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ነው። ባይበራ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንምና አትደምድሙ።

ከሁሉ አብዝቶ ያየሁት ጥፋተኛ ባዮሱ ውስጥ ያለው ፋስት ቡት ነው። ጥቂት ሰከንዶች ለማትረፍ ሲል የዩኤስቢ ዕቃዎችን ሳይቀሰቅስ ያልፋል። አጥፉት። እዚያው አካባቢ ሌጋሲ ዩኤስቢ ሰፖርት የሚል ካለ አብሩት። «ኪቦርዱ ሳይሠራ እንዴት ባዮስ እገባለሁ?» ብትሉ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትን እንደያዛችሁ ሪስታርትን ንኩ፤ ከሚመጣው ገጽ ትራብልሹት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ዩኢኤፍአይ ፈርምዌር ሴቲንግስ ብላችሁ ግቡ። አደራ ግን፣ ዲስኩ በዊንዶውስ መቆለፊያ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት 48 አሃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ ጽፋችሁ ያዙ። ባዮሱ ሲለወጥ ዊንዶውስ ቁልፉን ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ከዚህ ጋር በስም የሚምታታ ሌላ ነገር አለ፤ ፋስት ስታርትአፕ። ይህኛው የዊንዶውስ ነው፣ በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር መጣ። ሻት ዳውን ስትሉ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ልቡን ዲስክ ላይ አስተኝቶ ይወጣል። በዚህ የተነሣ ቀጣዩ አነሣስ ከወትሮው ሊለይ ይችላል፣ ሊኑክስም የዊንዶውሱን የዲስክ ክፍል ሲከፍት መጻፍ አይፈቀድም ይላችኋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሻት ዳውን አድርጋችሁ ስታበሩ ኪቦርዱ ዝም የሚል፣ ሪስታርት ስታደርጉ ግን የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ፤ ሪስታርት ሁልጊዜ ሙሉ አዘጋግ ነውና። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብታችሁ ፋስት ስታርትአፕ ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ሁለት ሲስተም ባለበት ማሽን ላይ ይህ ነገር ቢጠፋ እንጂ ቢኖር ጥቅም አላየሁበትም።

ባዮስ ከመክፈታችሁም በፊት ግን እጃችሁን ተጠቀሙ። ኪቦርዱን ከሃብም (ከዩኤስቢ ማከፋፈያው) ከሞኒተርም ነቅላችሁ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ከተገኘም ዩኤስቢ 2 ላይ ሰኩት፤ ዩኤስቢ 3 አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። የብሉቱዝ ኪቦርድ ሲስተሙ ሳይነሣ በአብዛኛው አይሰማም፣ ብትደክሙም አይሰማም። ለጌም የተሠሩ አንዳንድ ኪቦርዶችም እዚህ ያስቸግራሉ። ባዮስ የሚገባው ቀላሉን የኪቦርድ ቋንቋ ነው፤ በአንድ መልእክት 8 ባይት፣ በአንድ ጊዜ ከ6 ተራ ቁልፎች የማይበልጥ። ኪቦርዱ ከዚያ በላይ በሆነ ዘዴ ብቻ የሚያወራ ከሆነ አይግባቡም። ለዚህ ነው ገመድ ያለው ተራ ኪቦርድ መሳቢያዬ ውስጥ የማይጠፋው።

ነገሩ ተገልብጦ ምርጫው ላይ ሠርቶ ሊኑክስ ሲነሣ ብቻ ዝም ካለ ባዮሱን ተዉት። በተለይ ላፕቶፕ ላይ ከከርነል ማሻሻያ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ግራብ ላይ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ገብታችሁ የቀድሞውን ከርነል ምረጡ። ሊኑክሱ ያለበት ዲስክ የተቆለፈ ሆኖ መክፈቻው የይለፍ ቃሉን እምቢ ካለ ደግሞ ኪቦርዱ ሠርቷል፤ የቁልፎቹ አቀማመጥ ወደ አሜሪካኛው ዞሮ እንዳይሆን እዩ።

አንድ ቀረኝ። ሁሉን አስተካክላችሁ ከሳምንት በኋላ ፋስት ቡት ራሱ በርቶ ካገኛችሁት ሰዓቱን ተመልከቱ። ልዩነቱ ልክ በሰዓታት ብቻ ከሆነ ዊንዶውስና ሊኑክስ ሰዓት የሚይዙበት መንገድ ስለሚለያይ ነው፣ አያስደንግጣችሁ። ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ከሆነ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ሆና ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫዎች የምትጠብቀው፣ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች፤ በብዙዎቹ ላይ ሲአር2032 የሚል ተጽፎባታል። ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ ቀይሯት፣ ከዚያ ባዮሱን እንደገና አስተካክሉት።