ሁለት ዙር ተኩል የገባው ብሎን

ባለፈው ሳምንት ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡናዬን ስጠጣ አንድ የምሕንድስና ተማሪ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ጠረጴዛ ላይ በምናስቀምጣት ትንሽ ሲኤንሲ ኤም 8 ጥርስ ላወጣ ስል ሁለት ታፕ ተሰበረብኝ። ኮዱ ግን ትክክል ነው» አለኝ። ሲኤንሲ በኮምፒውተር ኮድ የሚመራ መቁረጫ ማሽን ነው፤ ታፕ ቀዳዳ ውስጥ የብሎን ጥርስ የሚያወጣ መሣሪያ፤ ኤም 8 ደግሞ የ8 ሚሊሜትር ብሎን መጠሪያ። «ትክክል ነው» ያለው ነገር ሆዴን በላኝ። እኔም በወጣትነቴ አንድ ሰንጠረዥ አይቼ ትክክል ነው ብዬ አውቃለሁ።

የጥያቄው መልስ ብዙ አይደለም። ኤም 8 ታፕ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ልክ 1.25 ሚሊሜትር መውረድ አለበት። የትንሿ ማሽን ሞተር ግን ምን ያህል እንደዞረ ለሚያወርደው ሞተር አይነግረውም። ብረቱ ሲከብደው አዟዟሩ ይዘገያል፣ መውረዱ ይቀጥላል፣ ታፑ ቀጭ ይላል። ብረት እያዞረ በሚቆርጠው ቶርኖ ላይ አዟዟሩንና የመቁረጫውን ጉዞ የሚያስተሳስራቸው ማርሽ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ታፑን ተወው። 6.8 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሳና ከቀዳዳው የቀጠነ የጥርስ መቁረጫ አስገባ። መቁረጫው ራሱ እየተሽከረከረ በግድግዳው ዙሪያ ይዞራል፣ በእያንዳንዱ ዙሪት 1.25 ይወጣል። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ሲታይ ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ከሄደ የተለመደው የቀኝ ጥርስ ይወጣል። እዚህ ሞተሩ ቢዘገይም የጥርሱ ርቀት አይዛባም። ቀጭን መቁረጫ ስለሚለመጥ የመጨረሻውን ዙሪት ጥልቀት ሳትጨምር ድገመው። ስለ ዘይትና ስለ መነጽር አልናገርም፤ ያንን የማያውቅ ሰው ማሽን ባይነካ ይሻለዋል።

ሆዴን የበላኝ ግን ሌላ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሳለች እኔ የቶርኖ ቤት ልጅ ነበርኩ። አለቃዬ ሙያውን ከጣሊያኖች የተማረ ሰው ነበር፤ ማሽኑ ሲያስቸግረው በጣሊያንኛ ይሰድበዋል፣ እኛን ደግሞ በአማርኛ። ያን ዕለት አዲስ አበባ ሄዶ ቤቱን ለኔ ትቶልኛል። ወሩ ኅዳር ነው፣ የቡና ለቀማ ጊዜ። በአጋሮ መንገድ ካለ አንድ የገበሬ ማኅበር የቡና መፈልፈያውን የሚጠብቁ ሽማግሌ የተሰበረ ብሎን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ከበሮውና መጭመቂያው መካከል ያለውን ክፍተት የሚያስተካክለው ብሎን ነው። «እሸቱ ተከምሯል፣ ልጄ፣ ማታ ሳይደርስ» አሉኝ።

ውፍረቱን በካሊፐር ለካሁ፤ ግማሽ ኢንች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰንጠረዥ አየሁ፤ ግማሽ ኢንች፣ በኢንች 13 ጥርስ። ማርሹን ለ13 አስተካክዬ ቆረጥኩ። የሚያምር ጥርስ ወጣልኝ፣ እስከ ዛሬ ያን ያህል የሚያምር አልቆረጥኩም። የተሰበረውን ቁራጭ ግን በጥርስ መለኪያው አልሞከርኩትም። መለኪያው ኪሴ ውስጥ ነበር! ሰንጠረዡ የአሜሪካ፣ የቡና መፈልፈያው የእንግሊዝ ስሪት። ዊትዎርዝ የሚባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 ባወጣው መለኪያ ግማሽ ኢንች ብሎን በኢንች 12 ጥርስ ነው፤ የጥርሱም ማዕዘን 55 ዲግሪ እንጂ 60 አይደለም።

ከሽማግሌው ጋር በጭነት መኪና ሄድኩ። ብሎኑ ሁለት ዙር ተኩል ያህል እንደ ቅቤ ገባ። ከዚያ ጠነከረ። በአንድ ዙር ያለው ልዩነት 0.16 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ በሦስተኛው ዙር ላይ ግን ግማሽ ሚሊሜትር ይጠጋል። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሰዉ ከቦ ያየኛል፣ እኔ ደግሞ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ቁልፉ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክቼ ተንጠለጠልኩበት። የማሽኑ አካል ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ፣ ተሰባሪ ብረት ነበር፤ የቀዳዳው ጥርስ ተጠርጎ ወጣ።

«አባ፣ ብረቱ አርጅቷል» አልኳቸው።

ያን ሌሊት የደረሰው እሸት ሳይፈለፈል አደረ፤ በማግሥቱም እንደዚያው። በኋላ ፀሐይ ላይ አስጥተው ከነቅርፊቱ የደረቀ ጀንፈል አደረጉት፣ ዋጋው ከታጠበው እንደሚያንስ ማንም ያውቃል። ሽማግሌው ሒሳቤን ከፈሉኝ፣ «ገለቶሚ» ብለውም አመሰገኑኝ። ገንዘቡን ተቀበልኩ። ሰንጠረዡን እንደገና ያየሁት ከሦስት ቀን በኋላ፣ አለቃዬ ሲመለስ ነው። ለሱም አልነገርኩትም።

እናንተ የዛሬ ልጆች አንድ ቪዲዮ አይታችሁ ባለሙያ ነን ትላላችሁ። ይሄ ያናድደኛል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ያኔ እንዲህ ያለ ስልክ ኪሴ ውስጥ ቢኖር ዊትዎርዝን በሁለት ደቂቃ አገኘው ነበር። ወይም ላላየውም እችል ነበር፤ መለኪያውም ኪሴ ውስጥ ነበር እኮ።

እጅህን እመን ይላሉ። እኔም ለተማሪዎቼ እላለሁ። ያን ቀን ግን እጄ ሁለት ዙር ተኩል ዋሸኝ፣ በሦስተኛው እውነቱን ሲነግረኝ ደግሞ እኔ አልሰማሁትም።

ለዚያ ተማሪ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ኮዱን በስልክ ሊልክልኝ ፈልጎ ነበር። ኮዱን ቤትህ ተወው፣ የተሰበሩትን ታፖችና ቀዳዳውን የበሳህበትን ብረት ይዘህ ና አልኩት። ያ ባለ 13 ጥርስ ብሎን አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ እሱንም አሳየዋለሁ።