የተመለሰ ውሃ ዚንኩን ከእርሳሱ ጋር ለምን ያነሳል?

የጠያቂያችን ችግር በአጭሩ ይህ ነው፦ የእርሳስና የዚንክ ማዕድን በተጣራ ውሃ ሲያንሳፍፉ (የተፈጨውን ማዕድን ከአየር አረፋ ጋር አያይዘው ከውሃው በላይ በማውጣት ሲለዩ) እርሳሱ ጥሩ አድርጎ ተለየላቸው፤ ከዝቃጩ የተቀዳውን ውሃ መልሰው ሲጠቀሙ ግን ዚንኩም አብሮ ወጣ። ዛንቴት (ማዕድኑን ከአረፋው ጋር የሚያያይዘው ሰብሳቢ ኬሚካል) ቢጨምሩም ባሰበት።

እባክዎ ዛንቴት መጨመሩን ያቁሙ። እኔም እዚሁ ጅማ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃው ነው። ግራጫና አንጸባራቂ የነበረው አረፋ ወደ ቡናማ ሲያደላ ዚንኩ እየመጣ ነው ማለት ነው። ስፋለራይት (የዚንኩ ማዕድን) ብቻውን ከዛንቴት ጋር እምብዛም አይያያዝም። ውሃው ውስጥ የመዳብ አዮን ካለ ግን መዳቡ ከማዕድኑ ገጽ ላይ ዚንኩን አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል፤ ገጹ የመዳብ ሰልፋይድ ጠባይ ያገኛል፤ ዛንቴቱም አጥብቆ ይይዘዋል። ከጋሌና (ከእርሳሱ ማዕድን) የሚሟሟው እርሳስም ደከም ባለ መልኩ ይህንኑ ያደርጋል። መዳቡ ከየት መጣ ቢሉ፣ ዚንኩን በሁለተኛው ዙር ለማንሳት የሚጨመረው የመዳብ ሰልፌት ትራፊ መሆኑ የተለመደ ነው። ስለዚህ የዚንኩን ዙር ውሃ ወደ እርሳሱ ዙር አይመልሱ፤ መመለስ ግድ ከሆነ በሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያውን፣ ከፍ አድርገው መዳቡን አዝቅጠው ያጣሩት።

ኖራ የሚጠቀሙ ከሆነ ካልሲየምም ይከማቻል። ከሰልፌት ጋር ሲገናኝ ጂፕሰም ሆኖ ማዕድኑን ያለብሰዋል። ሰብሳቢው የቅባት አሲድ በሆነበት ሥራ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው፦ ፒኤች ከፍ ሲል ካልሲየሙ ኳርትዙ (የማይፈለገው ድንጋይ) ላይ ተቀምጦ ድንጋዩም አብሮ እንዲነሳ ያደርጋል፤ ሰብሳቢውንም ያዘቅጠዋል፣ በጠንካራ ውሃ ሳሙና አረፋ እንደሚያጣ ማለት ነው።

ሆኖም የተሟሟ ጨው ሁሉ ጠላት አይደለም። እዚሁ ጅማ አካባቢ ስላለው የዴልቢ ሞዬ ድንጋይ ከሰል ለምትጠይቁን፣ ጨዋማ ውሃ አረፋዎቹ እርስ በርስ እንዳይዋሃዱ ስለሚያግዝ ከሰል ማንሳፈፍን ሊረዳ ይችላል።

አሁን እንዲህ ይሞክሩ። ያንኑ ናሙና በተጣራ ውሃ ያንሳፍፉ፤ ቀጥሎ በተጣራው ውሃ ላይ የመዳብ ሰልፌት ብቻ፣ ከዚያ ለብቻው ካልሲየም ክሎራይድ እየጨመሩ ይድገሙ። ጥፋተኛው በግልጽ ይታያል። የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ጨው መኖሩን እንጂ የትኛው አዮን እንደሆነ ስለማይነግርዎ አይመኩበት። ለብረታ ብረት ምርመራ የሚላከውን ውሃ መጀመሪያ አጣርተው፣ ከዚያ በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹን ከ2 በታች ያድርጉት፤ አለበለዚያ መዳቡ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይቀርና ውጤቱ ንጹሕ ውሃ ይመስላል። ሰልፌትና ታዮሰልፌት (ሁለቱም የሰልፈር አዮኖች ናቸው) የሚለካበትን ጠርሙስ ግን አሲድ አያስነኩት።