«ለእናታችን እንንገራት ወይስ እንደብቃት?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ የጡት ናሙና ተወስዶላቸው ውጤቱ ካንሰር ሆኗል። ወንድሞችሽ «እንዳትሰማ» ብለዋል። አክስትሽ ደግሞ «ብረት ከነካው ይሰራጫል፣ መጀመሪያ ጠበል» ይላሉ። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን እናትሽ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ።

በ2010 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ሰሞን፣ ግራ ጡቴ ላይ ሽምብራ የምታክል ነገር አገኘሁ። አታምም። እሱ ነው የሸወደኝ። ካላመመ ምን ያስቸኩላል ብዬ ፋሲካን አሳለፍኩ፣ የልጄን ፈተና አሳለፍኩ። ሐኪም ዘንድ ስቀርብ ሎሚ ልታክል ትንሽ ነው የቀራት።

ውጤቱን የተቀበለው ታላቅ ወንድሜ ነው። ለእኔ «ቁስለት ነገር ነው፣ በመድኃኒት ይጠፋል» ተባልኩ። ግን ቤቴ በሰው ተሞላ። ለቁስለት ማን ሙዝና ብርቱካን ይዞ ይመጣል? አንድ ጠዋት ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጋቢዋን እያስተካከለች «ስንተኛ ኬሞሽ ነው?» አለችኝ፤ ኬሞ ማለት የካንሰር መድኃኒት ነው። «የምን ኬሞ?» አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። ወንድሜን ዞሬ አየሁት፤ ጫማውን ያያል።

ሁለት ሳምንት አላናገርኩትም። ስለሚወደኝ እንዳደረገው አውቃለሁ። ቢሆንም በገዛ ገላዬ ጉዳይ ሰው ሁሉ መክሮበት እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ስለዚህ የእኔ መልስ ንገሯቸው ነው። እንደ መርዶ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ ሰብስባችሁ ግን አይሁን። አንቺና አንድ የሚያምኑት ሰው፣ ቡና ላይ፣ ረጋ ብላችሁ። መጀመሪያ «ሐኪሙ ምን ያገኘ ይመስልሻል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ምናልባት ከእናንተ ቀድመው ጠርጥረው እናንተን እየጠበቁ ይሆናል።

«ብረት ከነካው» የሚለውን እኔም ሰምቻለሁ። ናሙና መውሰድም ቀዶ ሕክምናም ካንሰሩን አይበትነውም። የኛ ሰው ጠበሉንም ሥራሥሩንም ጨርሶ፣ በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው ቢላዋ ዘንድ የሚደርሰው። ከዚያ ሰውየው ሲሞት ቢላዋው ይከሰሳል። እኔ ጠበሌን ተጠምቄያለሁ፣ ቀጠሮዬንም አላሳለፍኩም። የንስሐ አባቴ እንዲያውም «መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ይብላ» ብለው ጾሙን አስፈቱኝ። የአክስትሽን ነገር ለእናትሽ የንስሐ አባት ብትነግሪያቸው አክስትሽ ከአንቺ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ።

ኬሞ ከታዘዘ፣ ቀዩ መድኃኒት የሚባል አለ። ከተሰጠ በኋላ እስከ ማግስቱ ሽንት ይቀላል፤ ደም መስሏቸው እንዳይደነግጡ ቀድመሽ ንገሪያቸው። የኔ በየ21 ቀኑ ነበር። ፀጉሬ በሦስተኛው ሳምንት ሻሼ ላይ ቀረ። የሽሮ ሽታ ከቤት ያስወጣኝ ነበር፤ የሚወርድልኝ የቀዘቀዘ የአጃ ሾርባ ብቻ። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ በዚያን ጊዜ ይቅርባቸው። ቴርሞሜትር ግን ዛሬውኑ ግዢ። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ፣ ሙቀታቸው 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው፤ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማሳደር አይሠራም። በሽታውን ያልነገራችሁት ሰው ትኩሳቱንም «ብርድ ነው» ብሎ ዝም ይላል፤ ንገሯቸው የምለው ለዚህም ነው።

የጨረር ሕክምና በኔ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ በቀር የሚሰጥበት አልነበረም። አሁን ጅማን ጨምሮ ክልል ላይም ተጀምሯል፤ ካዘዙላቸው የት ቶሎ እንደሚገኝ ጠይቁ። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ከሆነ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አዲስ አበባ ለሚታከሙ ማረፊያ ስላለው አነጋግሩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው፣ ማንም የማያወራው። አምስት ዓመት በየቀኑ ታሞክሲፌን የሚባል የሆርሞን ክኒን ዋጥኩ፤ ድንገት እሳት የሚለቅ ሙቀት ነበረው፣ አለፈ። ከብብቴ ንፍፊት ስለወጣ በግራ እጄ ጀሪካን ያነሳሁ ቀን እጄ እንደ ትራስ አበጠ። የደም ግፊትም የምለካው በቀኙ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ስኒዬን ለብቻ ማስቀመጥ ጀመረች። ካንሰር በስኒ እንደማይተላለፍ ለመናገር ስድስት ወር ፈጀብኝ። አሁን ቡና የምታፈላልኝ እሷ ናት።

አንቺም ጡትሽን ለሐኪም አሳዪ፣ የእናትሽን ነገር ሳትደብቂ። የማሕፀን በር ካንሰር ሌላ በሽታ ቢሆንም፣ 30 ከሞላሽ እሱንም ጤና ጣቢያ ያዩልሻል፤ በኮምጣጤ መሳይ ነገር ቀብተው ነው፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

ለሐሙስ የናሙናውን ውጤት ዋናውን ያዙ፣ ሁለት ኮፒም አስነሱ። የሆርሞን ምርመራ ተሠርቶለት እንደሆነ ጠይቁ፤ ታሞክሲፌን ይሰጥ አይሰጥ የሚታወቀው በእሱ ነው። ጋቢም ያዙላቸው፤ ጠዋት አግዳሚው ይበርዳል።